ሄዲ ላማር ዋይፋይን አልፈጠረችም፤ ተዉአት

ማርች 8 በመጣ ቁጥር አንድ ፎቶ ይዞራል። መሃል ለመሃል የተከፈለ ጥቁር ፀጉር፣ የሆሊውድ መብራት ያረፈበት ፊት። ከሥሩ «ዋይፋይን የፈጠረችው ቆንጆ» ይላል። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ምህንድስና። ስለዚህ ፊት ለፊት ልናገር፦ ሄዲ ላማር ዋይፋይን አልፈጠረችም። ይህን የምለው ላሳንሳት አይደለም። የሚያሳንሳት ያ ጽሑፍ ነው።

መጀመሪያ ሴትዮዋን እንወቃት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1914 ቪየና ተወለደች። በ1933 «ኤክስታሲ» የተባለው ፊልም ላይ ራቁቷን ታይታ ዓለም ተንጫጫ። በዚያው ዓመት ፍሪትዝ ማንድል የሚባል የጦር መሣሪያ ነጋዴ አገባት፤ በ1937 ጥላው ኮበለለች። ኤምጂኤም ስሟን ቀይሮ ሆሊውድ አስገባት፤ በ1938 «አልጂርስ» ኮከብ አደረጋት። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው የሸጠው ፊቷን ነው። እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1946 «ዘ ስትሬንጅ ዉማን» ላይ ስትተውን በፕሮዲዩሰርነትም ገብታበታለች፤ ያኔ ይሄ ለተዋናይት ብርቅ ነበር። ይሄን የሚያወራላት አለ? የለም።

አሁን ወደ ፈጠራው። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቶርፒዶን በሬዲዮ መምራት ይቻላል፤ ጠላት ሞገዱን ካገኘው ግን ጃም ያደርገዋል። (ጃም ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።) ሄዲና አቀናባሪው ጆርጅ አንታይል ያመጡት መፍትሔ፦ ላኪውና ተቀባዩ እኩል ከፍሪኩዌንሲ ወደ ፍሪኩዌንሲ ይዝለሉ። ሁለቱን ምን ያናብባቸዋል? አንታይል ሰው ሳይነካቸው ለሚጫወቱ ፒያኖዎች ሙዚቃ የጻፈ ሰው ነው። ፒያኖዎቹ የሚታዘዙት ቀዳዳ ባለው የወረቀት ጥቅል ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጥቅል ላኪው ጋ፣ አንድ ዓይነት ጥቅል ተቀባዩ ጋ። ማመልከቻው በጁን 1941 ገባ፤ ፓተንቱ በኦገስት 1942 በቁጥር 2,292,387 ተሰጠ።

እኔን የገረመኝ መዝለሉ አይደለም። ፓተንቱ ላይ ላኪው ሰባት ቻናል አለው፤ ተቀባዩ አራት ብቻ። ሦስቱስ? ማታለያ ናቸው፤ የሚያደምጠው ጠላት ባዶ ምልክት እያሳደደ እንዲደክም። ይሄ ጠላቱ እንዴት እንደሚያስብ የገመተ ሰው ሥራ ነው። ዛሬ ሴኪዩሪቲ የምንሠራ ሰዎች ደመወዝ የሚከፈለን ለዚሁ ነው። ፎቶው ሥር ግን ስለዚህ አንድ ቃል የለም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐሳቡን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እሷም የጦርነት ቦንድ ስታሻሽጥ ከረመች፤ እንደገና በፊቷ ማለት ነው። ፓተንቱ በ1959 ጊዜው አለፈ፤ ሳንቲም አላገኘችበትም።

ታዲያ ዋይፋይ ከየት መጣ? የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ በ1997 ሲወጣ ፍሪኩዌንሲ መዝለልን እንደ አንድ አማራጭ ይዞ ነበር፤ ተከትለው የመጡት ደረጃዎች ግን በሌላ ዘዴ ሄዱ። ለሐሳቧ የሚቀርበው ብሉቱዝ ነው፤ ክላሲክ የሚባለው በ79 ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ይዘላል። እሱንም ቢሆን የሠሩት ብዙ መሐንዲሶች ናቸው። የመዝለል ሐሳቡ ራሱ ከእሷ በፊትም ነበር፤ ጀርመናዊው ዜኔክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመጽሐፉ አንስቶታል።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጎራ ደስ ይለዋል። «አላልንም? ከባሏ እራት ግብዣ ሰምታ ነው!» የሚለው ጎራ። እስቲ በእግዚአብሔር! የማንድል እንግዶች ስለ ፒያኖ ጥቅል ያወሩ ነበር? ሐሳብ ድሮም ይኖራል፤ ከባዱ የሚሠራበትን መንገድ ማግኘቱ ነው። አንዱ ጎራ ዘውድ ይጭንላታል፣ ሌላው ይገፍፋታል፤ ፓተንቱን ያነበበ ግን ከሁለቱም ወገን አላገኘሁም።

«ቢሆንም ሴት ልጆችን ያበረታታል» የሚሉኝ አሉ። አያበረታታም። ይሄን ሰምታ ኮምፒውተር ሳይንስ የገባች ልጅ አንድ ቀን አንድ ነገረኛ ወንድ ክፍል ውስጥ ያርማታል፤ እርማቱም ልክ ይሆናል። ያን ጊዜ ከውሸቱ ጋር እውነቱም አብሮ ይወድቃል። ሦስቱን የማታለያ ቻናሎች ብትነግሯት ኖሮ ማንም የማይነጥቃት ነገር ይኖራት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ኢንተርኔት ላይ ግን እያደር የሚደምቀው ተረቱ ነው።

ደግሞ ስድቡን ልብ በሉ። አንዲት ቆንጆ ሴት አንድ ጥሩ ነገር ማሰቧ አይበቃንም፤ ኪሳችን ውስጥ ያለውን ዕቃ ካልፈጠረች አንሰማትም። ለወንድ እንዲህ ዓይነት መስፈርት የለንም። የአንታይልን መልክ ማን ያነሳል?

በሠራሁባቸው ቢሮዎች አይቻለሁ፤ የሄዲ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ እዚያው ክፍል ያለችው ዴቨሎፐር ስብሰባ ላይ ያቀረበችው ሐሳብ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከወንድ አፍ ሲወጣ ይጨበጨብለታል። ባሕር ኃይሉ ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል? ሴትዮዋን ማድነቅ፣ ወረቀቱን አለማንበብ።

ፓተንቱ ጥቂት ገጽ ነው፤ ጎግል ፓተንትስ ላይ በነጻ ይገኛል። ሥዕሉን ካያችሁ ግማሹ ይገባችኋል። አንብቡት። ከዚያ አጠገባችሁ ያለችው ልጅ ለሪቪው የላከችውን ኮድ ክፈቱና እሱንም አንብቡት።