«ንዳው!» ከማለታችን በፊት

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። ጉም የወረደ ጠዋት ደግሞ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነው የሚታየው።

ባለፈው ዓመት አንድ የፈተና ቀን ረፍዶብኝ በሚኒባስ ስወርድ፣ ጭነት የያዘ ተሳቢ ከፊታችን በዝግታ ይሄድ ነበር። «ምን ሆኖ ነው የሚንፏቀቀው? ንዳው እንጂ፣ እለፈው!» ማለት ጀመርን። እውነቱን ለመናገር ቀድሞ የጮኸው እኔ ነኝ። ሹፌራችን ሰምቶን ኩርባው ላይ ለመቅደም ወጣ። ወዲያው ከታች አንድ አይሱዙ ብቅ አለ። ባለ ተሳቢው ፍሬን ይዞ፣ ጥጉን ተጠግቶ ቦታ ባይለቅልን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ፈተናው ላይ ደረስኩ። ማታ ነገሩን ለአጎቴ አጫወትኩት። እሱ ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. እስኪነሳ ድረስ በባቲ በኩል አሰብ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለሁሉም ነገር «አብሽር» የሚለው ሰው ያን ማታ አብሽር አላለኝም።

«ሰውየው ሰንፎ መሰለህ? ከባድ ማርሽ አስገብቶ እኮ ነው የሚወርደው። ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመነ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። ለእናንተ ብሎ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ የቀረውን ቁልቁለት በምን ይውረደው?» አለኝ።

እኔ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ መልሱን ማወቅ ነበረብኝ። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ወደ 235 ሜጋ ጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ 700 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ጎማና ነፋስ ከዚህ ላይ የተወሰነውን ይቀንሳሉ፤ የቀረውን ሞተሩ ካልያዘው ፍሬኑ ነው የሚሸከመው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ለማቆም የሚፈለገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንሠራው ሙሉ ነጥብ እናገኛለን፤ ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

አደጋ በደረሰ ቁጥር «ሹፌሩ ነው» ብለን ፋይሉን መዝጋት እንወዳለን። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለን ስም አውጥተናል። ስሙ ያስቃል፤ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ግን ይሸፍነዋል። አጎቴ ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ቀናት ያልፋሉ። አልጋው ጋቢናው ነው። በአፋር ሙቀት እየተቀቀለ መጥቶ የወሎን ብርድና ጉም ይገባበታል። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ኑሮውን የሚደጉመው በየጉዞው በሚያገኘው አበል ነው፤ ብዙ ካልተመላለሰ ቤቱ ይጎድላል። ስለዚህ እንቅልፉን በጫት ያባርራል። ይህ ሰው ቢያንቀላፋ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው 153ኛው ስምምነት አንድ ሹፌር ያለ እረፍት ከ4 ሰዓት፣ በቀን ከ9 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይላል። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ሳቀና «በየትኛው አገር?» አለኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ራሳቸው ሹፌሮቹስ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት በፎሌ የሚለቅ አለ። ያረጀ ሸራ ይዞ የሚወጣ፣ ኩርባ ላይ የሚቀድምም አለ። እነዚህ ሊቀጡ ይገባል። ነገር ግን ቅጣት የደከመን ሰው አያነቃም። የእረፍት ሰዓትን ማስከበር የባለ ንብረቱና የመንግሥት ድርሻ ነው። አበሉ በጉዞ ብዛት ብቻ መሆኑ ቀርቶ ደመወዙ ቤት የሚያቆም መሆን አለበት።

የእኛም ድርሻ አለ። አንደኛ፣ ሐረጎ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከባድ መኪና ስናይ ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን እንወቅ፤ ሹፌራችን ኩርባ ላይ ሊቀድም ሲል «ተው» እንበለው። ሁለተኛ፣ ከባድ መኪና ፍሬቻ ስላሳየ ብቻ መንገዱ ባዶ ነው ብለን አንመን፤ ሊታጠፍም ይችላል። ሦስተኛ፣ ትምህርት ክፍላችን በዓመት አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ የሚያድሩ ሹፌሮችን ጋብዞ ፍሬናቸውን በነፃ ቢያይላቸው፣ እነሱም የሚያውቁትን ቢያስተምሩን ምን ይለናል? ከመጽሐፍ የማናገኘውን ከእነሱ እናገኛለን።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ቸኩለን ልናፈስ ስንል ያዳነን አንድ የማናውቀው ሹፌር ነው። ቆመን እንኳ አላመሰገንነውም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ ምስጋናዬ ይሁንልኝ።

መልካም መንገድ!