ያረጀ ቧንቧ በከመነዳሪ አይድንም

በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች የተዘረጋው የውሃ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንኩ በዘመን ብዛት ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዝገቱም እየተከመረ የውሃውን መተላለፊያ ያጠበዋል። ጧት ሲከፈት መጀመሪያ ቀይ ውሃ የሚወርደው ስለዚሁ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ውስጡን ግን ለቄስ!

እኛስ ምን እናደርጋለን? መክፈቻውን አዲስ እንገዛለን፤ የሚያንጠባጥበውን ቦታ በከመነዳሪ እናስራለን። ይኸ ነገሩን ማዘግየት ነው እንጂ ጥገና አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ውሃው ሲቋረጥ ባዶው ቧንቧ በአጠገቡ ያለውን ፍሳሽ በቀዳዳው ሊስብ ይችላል። ያንን በማግሥቱ ሕፃናት ይጠጡታል።

ስለዚህ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር በሙሉ በማይዝግ የፕላስቲክ ቧንቧ ሊለወጥ ይገባል። «ወጪውን ማን ይክፈል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከ1967 ዓ.ም. የትርፍ ቤቶች አዋጅ ወዲህ ቀበሌ ይዟቸው በቆዩት ቤቶች ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩም «ኪራዩ ለጥገና አይበቃም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ዝገቱ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

በእኔ አስተያየት አከራዩ ዕቃውን ያቅርብ፤ የግቢው ተከራዮች የቧንቧ ሠራተኛውን ዋጋ ያዋጡ፤ ቁፋሮውንም በደቦ ይሥሩ። የምሕንድስና ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቼም በክረምቱ ዕረፍት መስመሩን ለክታችሁ ንድፉን ብታወጡላቸው፣ ትምህርታችሁ ከጥቁር ሰሌዳው አልፎ ለወገን ደረሰ ማለት ነው።