ትምህርቱ ከቡና ውል ይጀምር

የዓለም አቀፍ ንግድ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በእንግሊዝ ጨርቅና በፖርቱጋል ወይን ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ እነዚህን ሁለት ሸቀጦች ይዞ አንድ ነገር አሳየ፤ አንድ አገር ሁሉንም ዕቃ ከሌላው በርካሽ ማምረት ቢችል እንኳ ይበልጥ በሚቀናው ላይ አተኩሮ ቢለዋወጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ሐሳቡ ከ200 ዓመት በኋላም አልተሻረም፤ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። የሚያሳስበኝ ከዚያ የሚቀጥለው ነው። ተማሪው ትርጓሜ ሸምድዶ፣ ፈተና አልፎ ይመረቃል፤ አንድ የቡና ሽያጭ ውል ፊቱ ቢቀመጥ ግን ዋጋው የቱ ጋ እንደተጻፈ አያገኘውም።

ቢያጣው አይገርምም። ላኪና ገዥ ሲዋዋሉ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የተቆረጠ ዋጋ አይሰፍርም። በኒውዮርክ ገበያ ለአንድ የተወሰነ ወር የሚውለው የአረቢካ ዋጋ ይጠቀስና፣ በፓውንድ ይህን ያህል ሳንቲም ይጨመርበት ወይም ይቀነስለት ተብሎ ይጻፋል። ርክክቡም ጅቡቲ ወደብ፣ መርከብ ላይ ነው፤ ነጋዴዎቻችን ኤፍኦቢ የሚሉት። ኒውዮርክ ላይ የሚገዛውና የሚሸጠው እያንዳንዱ ውል 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ያህል ቡና ይይዛል። ለዚህ ገበያ ቡና ማስረከብ የሚቻልባቸው 20 አገሮች በስም ተዘርዝረዋል፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ አሉበት። የአረቢካ መገኛ የሆነችው ኢትዮጵያ የለችበትም። ለዚያ ገበያ አንድ ኬሻ ማስረከብ አንችልም፤ የቡናችን ዋጋ ግን የሚለካው በእሱ ነው። ይህን አንድ እውነታ በሚገባ የተረዳ ተማሪ፣ ስለ ዓለም ንግድ ብዙ ምዕራፍ ካነበበው የበለጠ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰውም አብዛኛውን ጊዜ የእኛ ዝናብ አይደለም። ከዓለም ቡና ሲሶ ያህሉን የምታመርተው ብራዚል ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሚናስ ዤራይስ በተባለው ግዛቷ ውርጭ ሲወርድ ኒውዮርክ ወዲያው ዘለለ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ አወጣ፤ ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቅ ቁጥር ነው። የካቲት ላይ ግን የጌዴኦ ገበሬ ቀይ እሸቱን ለቡና ማጠቢያው ሸጦ ከጨረሰ ሰንብቷል። ጭማሪው የሚደርሰው መጋዘን ላለው፣ ገንዘብ ላለውና ወሬውን ቀድሞ ለሚሰማው ነው። አሳምሮ የሚነገርለት የንግድ ጥቅም እንዴት እንደሚከፋፈል ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ሁልጊዜም እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አምራችና ሸማች አገሮች በዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ኮታ እየተከፋፈሉ ዋጋውን ደግፈው ለማቆየት ይሞክሩ ነበር። ኮታው እ.ኤ.አ. በ1989 ሐምሌ ሲፈርስ ዋጋው አሽቆለቆለ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያው የሰጠውን መቀበል ነው።

በእኛ አገር ደግሞ የትኛውም የውጭ መማሪያ መጽሐፍ የማይነግረን አንድ ጉዳይ አለ። ለብዙ ዓመታት ቡና ከአገር ውስጥ በውድ ገዝተው ውጭ በርካሽ የሚሸጡ ላኪዎች ነበሩ። ሰዎቹ ሒሳብ ጠፍቷቸው አይደለም። ዶላር በባንክ በኩል እንደልብ ስለማይገኝ፣ ቡናው ዶላር ማግኛ ነበር፤ በዚያ ዶላር መኪና፣ ብረታ ብረት ወይም ሌላ ሸቀጥ አስመጥተው ኪሳራውን እዚህ ሸማቹ ላይ ያወራርዱት ነበር። ከቡና ሌላ የሚያስመጣ ንግድ የሌለው ላኪ በዚህ ገበያ ውስጥ መወዳደር አቃተው፤ የውጭ ገዥውም ርካሹን ዋጋ ለመደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተላለፈው ውሳኔ ለብዙ ቤተሰብ ኑሮን ያከበደ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ይህን የተዛባ ንግድ ከመሠረቱ የነካ እርምጃ ነው። ምንዛሪና ወጪ ንግድ ለየብቻ ምዕራፍ ተሰጥቷቸው የሚማር ተማሪ ግን ሁለቱን አያይዞ አያይም።

እሴት እንጨምር የሚለው ንግግር በየስብሰባው ይሰማል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ሆኖም አውሮፓ የተቆላ ቡናችንን በቀረጥ ገፋችው የሚለው ክስ ትክክል አይደለም። በተቆላ ቡና ላይ የተጣለው 7.5 በመቶ ቀረጥ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በልማት ወደኋላ የቀሩ አገሮችን አይመለከትም፤ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም ሸቀጣቸው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቅዷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የተቆላ ቡና በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይሸሻል፤ ትልልቆቹ ቡና ቆዪዎች የብዙ አገር ቡና እየቀላቀሉ ይሠራሉ፤ የሱፐርማርኬቱን መደርደሪያ መያዝም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በሽታውን ያልለየ መድኃኒቱን አያገኝም።

ያወቅን ጊዜ ደግሞ ያገኘነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አሜሪካ ውስጥ አመለከተ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም በመጀመሪያ አልተስማማም። ባለሙያዎቻችን ለቡና አምራች አካባቢዎች የተለመደውን የመልክዓ ምድር መለያ ሳይሆን የንግድ ምልክትን የመረጡት አስበውበት ነው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ዛፍ ያለውን ይህን ሁሉ ገበሬ በጥራት ደንብ እየተቆጣጠሩ መዝለቅ አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰኔ ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን አምኖ ፈረመ። ለስሞቹ የሚከፈል ክፍያ በስምምነቱ ውስጥ አልገባም፤ ይህ መነገር አለበት። ያም ሆኖ ደንቡን በሚገባ ያነበቡ ጥቂት ሰዎች ከግዙፍ ኩባንያ ጋር እኩል ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና አልቀበልም፣ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ነጥብ ይቅረብልኝ የሚል ሕግ አውጥቷል። ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም ሕጉ አልተሻረም። የየማሳውን ነጥብ መዝግበው፣ ሰነዱን አዘጋጅተው፣ ሲያስፈልግም የሚሟገቱት ዛሬ የዓለም አቀፍ ንግድን መግቢያ ኮርስ የሚወስዱት ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ይህን ኮርስ የምታስተምሩ መምህራን፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እውነተኛ የቡና ውል፣ አንድ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) እና አንድ የመርከብ ጭነት ሰነድ ይዛችሁ ክፍል ግቡ። ላኪዎችና ባንኮችም የተዋዋዮቹን ስም ሰርዛችሁ የቆዩ ሰነዶቻችሁን ለዩኒቨርሲቲዎች ስጡ። ሪካርዶ በሁለተኛው ሳምንት ይደርሳል።