«ሊኑክስ አማርኛ አይጽፍም» የምትለዋ ሰበብ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ብዙ ነባር ኮምፒውተሮች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ አዲስ መግዣ ገንዘብ ግን የለም። አንዱ መውጫ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ነው። ይህን ስታነሱ ግን መልሱ ያው ነው፦ «እሱ እኮ አማርኛ አይጽፍም፣ ማውሱም ያስቸግራል።»

ይህ መልስ ሰበብ ነው እላለሁ። ምክንያቱም «ኪቦርዱ እምቢ አለ» ሲባል አራት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው።

1. ዕቃው። ማውሱን ወይም ኪቦርዱን በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ሞክሩት። እዚያም ካልሠራ ሊኑክስን አትክሰሱት።

2. ሴቲንጉ። የማውስ ፍጥነትም ሆነ የግራ እጅ አጠቃቀም ሴቲንግ ውስጥ አለ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ትዕዛዝ ካልሠራ ግን አትደነቁ። ብዙው የተጻፈው ኤክስ11 ለሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ነው። ዛሬ ኡቡንቱን ጨምሮ ብዙዎቹ ወደ ዌይላንድ ተሻግረዋል፤ የድሮው ትዕዛዝ እዚያ ላይሠራ ይችላል።

3. የአማርኛ አጻጻፉ። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ቁልፍ መስጠት አይቻልም። የቁልፎችን ቅደም ተከተል አንብቦ «ለ»ን «ሉ» የሚያደርግ መጻፊያ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ላይ አይባስ አብሮ ይመጣል፤ አማርኛውን የያዘው ኤም17ኤን ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጫናል። ጫኑት፣ ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ሴራ» የሚል ያለበትን አማርኛ ጨምሩ። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ሌላ ሴራ የለበትም! ብሮውዘር ላይ ጽፎ ሌላ ፕሮግራም ላይ እምቢ ካለ፣ ያ ፕሮግራም ከአይባስ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። አዲስ ኪቦርድ መግዛት አይፈይድም።

4. ፎንቱ። በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ጽሑፉ ተጽፏል፤ የጠፋው ማሳያው ነው። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ፎንት ጫኑ። የድሮ ሰነድ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ከተከፈተ ደግሞ ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላም ሰነዶቻችንን አለመቀየራችን የኛ ዕዳ ነው።

ሊኑክስ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። አንዲት ጸሐፊ ደብዳቤ ለመጻፍ ይህን ሁሉ ማወቅ የለባትም፤ ቅሬታዋም ትክክል ነው። ጥያቄዬ ለአይቲ ክፍሎች ነው። አንድ ባለሙያ ከሰዓቱን ሰጥቶ ማሽኖቹን ቢያዘጋጅና የአንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ብዙው ችግር ያልቃል። የቀረውን እንከን ደግሞ ለሠሪዎቹ ማመልከት ይቻላል፤ የሪፖርት በራቸው ለማንም ክፍት ነው። እኛ ካልነገርናቸው አማርኛ እንዳስቸገረን ማን ይነግራቸዋል?

አሁን የምናደርገው ግን በተሰረቀ ዊንዶውስ ላይ የሕዝብ መረጃ ማስቀመጥ፣ ወይም ደህና ማሽን ጥለን የግዢ ጥያቄ መጻፍ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎች ሆይ፣ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ፊርማችሁን ሲጠይቅ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ከአራቱ የትኛው?