ከሰል ወይስ ኤሌክትሪክ? የማእድ ቤት ወጪ ስሌትና ከስሌቱ በስተጀርባ ያለው እውነት

ባሕር ዳር፦ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ከተወሰነ ወዲህ፣ ወርኃዊ ሒሳቡን የሚቀበል የከተማ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገሩን፣ ወጡን በኤሌክትሪክ ምድጃ መሥራቱን ይቀጥል? ወይስ ወደ ከሰልና ወደ ማገዶ ይመለስ?

ጥያቄው የአንድ ቤት ጓዳ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ይህን ያህል ኃይል በምታመነጭ ሀገር፣ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል አሁንም ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። በግድቡና በጓዳው መካከል ያለው ርቀት ምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ስሌቱን ከምድጃው መጀመር ያስፈልጋል።

ምርጫው ከማን ሳይሆን በምን ነው

በአንዳንድ የአውሮፓ ሀገራት የኢነርጂ ወጪውን መቀነስ የሚፈልግ ቤተሰብ ኃይል አቅራቢውን ይለውጣል። ለአብነት በእንግሊዝ አንድ ነዋሪ የድርጅቶችን ዋጋ አነጻጽሮ ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር ይችላል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጀም ደግሞ ከጥር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቅራቢዎች ሊያልፉት የማይገባ የዋጋ ጣሪያ ያስቀምጣል። ያም ሆኖ በ2021 እ.ኤ.አ. የጋዝ ዋጋ ሲንር በርካታ አቅራቢዎች ከገበያ ወጥተዋል፤ ደንበኞቻቸውም ወደ ሌሎች ተዛውረዋል።

በኢትዮጵያ ሁኔታው ሌላ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ ኃይል ማመንጨቱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉና መሸጡ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ስለዚህ ከብሔራዊ መስመር ኃይል የሚያገኝ ቤተሰብ ሻጩ አንድ ብቻ ነው። ሊለውጠው የሚችለው የሚያነደውን ነገር ነው። ከእንጨት ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ፣ አቅም ያለው ወደ ሲሊንደር ጋዝ፣ አለዚያም ከኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ወደ ከሰል ይሄዳል።

አንድ ኪሎ ከሰል ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው?

ከሰል በኪሎ ወይም በጆንያ፣ ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት ይሸጣል። በመሆኑም ሁለቱን በቀጥታ ማነጻጸር ያስቸግራል። ማነጻጸሪያው ድስቱ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ነው።

አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል በውስጡ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል። ሆኖም አብዛኛው በምድጃው ዙሪያ ወደ አየር ይባክናል። እንደ «ላቀች» ያለ የተሻሻለ የከሰል ምድጃ እንኳ ለድስቱ የሚያደርሰው ከኃይሉ ሩቡን ያህል ነው፤ ይኸውም 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ተራው የቆርቆሮ ምድጃ ከዚህም ያንሳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን ከወሰደው ኃይል 70 በመቶ ያህሉን ለድስቱ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ከሰል በጥሩ ምድጃ የሚሠራውን ሥራ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሠራዋል።

ከዚህ ማንኛውም ቤተሰብ በራሱ ገበያ ሊጠቀምበት የሚችል ቀላል መመዘኛ ይገኛል። የአንድ ኪሎ ከሰል ዋጋ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ይረክሳል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2014 ዓ.ም. አራተኛ ደረጃው ላይ በደረሰው ታሪፍ፣ ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት የሚከፍለው ከፍተኛው ዋጋ 2.481 ብር ነበር። በዚያ ዋጋ የከሰሉን ሥራ በኤሌክትሪክ ለመሥራት የሚያስፈልገው 7 ብር ከ50 ሳንቲም አይሞላም። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ ወደፊትም ይጨምራል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6 ብር ይገባል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ሒሳቡ 18 ብር ይሆናል። አንባቢ ይህን ቁጥር በሠፈሩ ካለው የከሰል ዋጋ ጋር ማስተያየት ይችላል።

እንጨትም ከስሌቱ አያመልጥም። በሦስት ጉልቻ የሚነድ እንጨት ከኃይሉ ለምግቡ የሚያደርሰው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል የታወቀ ቢሆንም፣ እንጨት በገንዘብ ለሚገዛ የከተማ ቤተሰብ ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም።

ምጣዱ የሚበላው

የኢትዮጵያ ቤተሰብ ትልቁ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ምጣድ ነው። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ማሟሻውን ጨምሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይቆጥራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤት በወር ለእንጀራ ብቻ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። በ2011ዱ ማሻሻያ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዋጋው 0.273 ብር ሆኖ እንዲቆይ የተደረገው አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ለመደገፍ ነበር። ነገር ግን ምጣዱ ብቻውን ይህን የድጋፍ እርከን ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል። በድጋፉ ሙሉ በሙሉ የሚጠቀመው መብራት አብርቶ፣ ስልኩን ሞልቶ፣ እንጀራውን ግን በእንጨት የሚጋግር ቤት ነው። ታሪፉ ደሃውን ሲጠብቅ፣ ሳያስበው ከማገዶው ጋር ያቆየዋል።

ወጡንም፣ ሻዩንም፣ መብራቱንም ጨምሮ በወር 150 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በ2014ቱ ታሪፍ የሚያርፍበት እርከን የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 1.625 ብር ያደርገዋል። ከአገልግሎት ክፍያው ውጭ ሙሉ ፍጆታው በዚህ ዋጋ ቢባዛ 244 ብር ገደማ ነው። ለሙሉ ወር ምግብ ማብሰያ ይህ ከባድ ዋጋ አልነበረም።

ታዲያ ለምን አይለወጥም?

ኤሌክትሪክ በስሌት ከረከሰ፣ ከሰል ከየጓዳው ያልወጣበት ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። የመጀመሪያው ቆጣሪው ነው። በከተሞች በርካታ ተከራዮች የራሳቸው ቆጣሪ የላቸውም፤ ከአከራያቸውና ከሌሎች ተከራዮች ጋር በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። እያንዳንዳቸው 150 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ 450 ይሆናሉ። በ2014ቱ ታሪፍ ይህ የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከ1.625 ብር ወደ 2.405 ብር ያወጣዋል። ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል ተብሎ የተሠራው እርከን፣ ቆጣሪ የሌለውን ደሃ እንደ ባለጸጋ ይቆጥረዋል። ብዙ አከራዮች በግቢያቸው ምጣድ እንዳይሰካ የሚከለክሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የመቆራረጥ ስጋት ነው። ሊጥ ቀጠሮ አያራዝምም። አብሲት የተጣለበት ሊጥ ኩፍ ባለበት ቀን መብራት ከጠፋ፣ ሊጡ እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ ቤተሰቡም ማገዶ ፍለጋ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በርካታ የወሎ አካባቢዎች ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየታቸው አይዘነጋም። ጦርነት በሌለበትም ቢሆን፣ አንድ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲቃጠል መላው ሠፈር ይጨልማል። ይህን የቀመሰ ቤተሰብ ምጣድ ቢገዛም ከሰሉን ከጓዳ አያወጣም። ለሁለቱም ይከፍላልና የርካሹን ኃይል ትርፍ አያየውም።

ሦስተኛው የገንዘብ አመጣጥ ነው። የቀን ሠራተኛ ዛሬ ባገኘው ገንዘብ በፌስታል ከሰል ይገዛል። ኤሌክትሪክ ግን አስቀድሞ የምጣድና የምድጃ ዋጋ ይጠይቃል፤ በድኅረ ክፍያ ቆጣሪ ደግሞ በወሩ መጨረሻ የተጠራቀመ ሒሳብ ያመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መወደዳቸው ይህን የመግቢያ በር አጥብቦታል። የካርድ ቆጣሪ በትንሽ በትንሹ መሙላት ስለሚያስችል ለዚህ ዓይነቱ ገቢ የተሻለ ነው፤ እሱም ግን የራስ ቆጣሪ ላለው ብቻ ነው።

ከሰሉ ከየት ይመጣል?

የጉዳዩ ሌላው ገጽታ አምራቹ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አርሶ አደሮች «ዲከረንስ» የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ተክለው፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጠው፣ ከሰል እያደረጉ ወደ ከተሞች ይልካሉ። ይህ ከሰል የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ ከሚገኘው ይለያል። ዛፉ እንደ ሰብል ይተከላል፤ አሲዳማውን መሬትም ይጠቅማል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን ያጠቃው በሽታ ግን አርሶ አደሩ በአንድ ምርት ላይ መንጠልጠሉ የሚያመጣውን አደጋ አሳይቷል።

በመሆኑም የከተማው ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር፣ የአርሶ አደሩ ገበያ አብሮ ይነካል። በባሕላዊው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ እንጨት እንደሚቃጠል፣ ከእንጨቱ ኃይልም ከግማሽ በላይ ከተማ ሳይደርስ እንደሚጠፋ ሲታሰብ ግን፣ እንጨቱ ለግንባታና ለቤት ዕቃ የሚውልበትን መንገድ ከወዲሁ ማሰብ ተገቢ ነው።

ያልተቆጠረው ዋጋ

በየትኛውም ቢል ላይ የማይጻፍ ወጪም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ በሚወጣ ጭስ ሳቢያ በዓለም በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገምታል። ጭሱን አብዝተው የሚተነፍሱት ጓዳ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው ያሉት ሕፃናት ናቸው።

ከሰል ጭሱ ስለሚያንስ ደኅና ይመስላል። ይሁንና እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ከተሞች ቤት ለማሞቅ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት የሞት አደጋ አለው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በዚህ ረገድ የዋጋ ንጽጽር ቦታ የለውም።

ውሳኔው የማን ነው?

ቤተሰቡ በእጁ ያለውን ማድረግ ይችላል። እንጀራውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይልቅ በአንድ ማሟሻ ብዙ መጋገር፣ አክንባሎውን በደንብ መክደን፣ ሠፈሩ ሁሉ ከሚያበራበት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ምጣድ አለመሰካት ሒሳቡንም ትራንስፎርመሩንም ያቀልላል።

የቀረው ግን ከቤተሰቡ አቅም በላይ ነው። ክርክሩ ሁሉ በታሪፉ መጨመር ላይ ቢያተኩርም፣ ከላይ የታየው ስሌት ከሰል የሚያቃጥለውን ቤተሰብ የያዘው የኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ አለመሆኑን ያሳያል። የያዘው የጋራ ቆጣሪ፣ የማይታመን መስመርና በአንድ ጊዜ የማይገኝ የምጣድ ዋጋ ነው። ለተከራይ የራሱን ቆጣሪ ማግኘት ካልተቻለ፣ አንድን ቆጣሪ ለሚጋሩ ቤተሰቦች እርከኑ በቤተሰብ ቁጥር ካልታየ፣ የሠፈር ትራንስፎርመር ምጣድ እንዲሸከም ካልተደረገ፣ ታሪፉ ዝቅ ቢልም ከሰሉ ከጓዳ አይወጣም። ታሪፉ በየሦስት ወሩ ሲጨምር ደግሞ፣ ተጨማሪው ገቢ በመስመሩ አስተማማኝነት ላይ መታየት ይኖርበታል። ደንበኛው ሌላ ሻጭ የመምረጥ ዕድል የለውምና፣ ቅሬታውን የሚገልጸው ወደ ከሰል ገበያ በመመለስ ነው።