የጠፈሩ አድሚራልና የእኛ ጄኔራሎች

ከእኛ ከግሌንዴል ነዋሪዎች ደጅ እምብዛም በማይርቀው በሆሊውድ የተቀረጹትን የጠፈር ድርሰቶች በትዕግሥት የተከታተለ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ከመርከቡ ካፒቴን በላይ የተሾመ አድሚራል ወደ ታሪኩ በገባ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ወይ የተሰወረ ሤራ፣ ወይ ኅሊናን የሚያስክድ ትእዛዝ ነው። ካፒቴኑ የድርሰቱ ጀግና ስለ ሆነ በየሳምንቱ ይኖራል፤ አድሚራሉ ግን ለአንድ ሰዓት መጥቶ የሚሄድ እንግዳ በመሆኑ፣ ኃጢአቱን ሁሉ ተሸክሞ ቢሰናበት ደራሲውን አይጎዳውም። የስታር ትሬክ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የነበረ ሰው መሆኑን ሳስብ፣ እርሱ የጀመረው ድርሰት ለባለ ከፍተኛ ማዕረግ ይህን ያህል ጠባብ ስፍራ መተዉ ያሳዝነኛል።

ከስታር ትሬክ ድርሰቶች አንዱ በሆነው በዲፕ ስፔስ ናይን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በቀረበ ክፍል፣ አድሚራል ሌይተን፣ ጠላት መልኩን ለውጦ በመካከላችን ገብቷል በሚል ፍርሃት የምድርን የኃይል ምንጭ በስውር አስቋርጦ፣ ወታደሩን በየአደባባዩ አቁሞ፣ የሲቪሉን መንግሥት ሊገለብጥ ይነሣል፤ የገዛ የበታች መኮንኑ በወገን መርከብ ላይ ከእንግዲህ አልተኩስም ባለች ጊዜ ግን ሥልጣኑን ይለቃል፣ ነገሩም በዚያው ይፈጸማል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቅለት ሲፈጸም አላየንም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር የጀመሩት መፈንቅለ መንግሥት፣ ምድር ጦርና አየር ኃይል ለንጉሠ ነገሥቱ ታምነው በመቆማቸው ሲከሽፍ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት መኳንንትና ሚኒስትሮች ብዙዎቹ በጥይት ተደበደቡ፤ አዛዡም በስቅላት ተቀጡ። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ቡና ቤቶች አረጋውያን ዛሬም የሚከራከሩት ሰውዬው ደግ ነበሩ ወይስ ክፉ በሚለው ብቻ አይደለም፤ ለዘውድ የገቡትን መሐላና ለሕዝብ አለብኝ ያሉትን ግዴታ በአንድ ልብ እንዴት ተሸከሙት በሚለው ጭምር ነው እንጂ።

ወደዚህ ምስጢር ቀረብ ያለው ሌላው የጠፈር ድርሰት፣ ባትልስታር ጋላክቲካ ነው። አድሚራል ኬን ትእዛዝ አልፈጽምም ያላትን ምክትሏን በገዛ እጇ ገድላ፣ ከሲቪል መርከቦች ዕቃና ሰው ትቀማለች፤ የጋላክቲካ መርከብ አዛዥ የሆነው ደጉ አዳማ እርሷን ሊያስገድል፣ እርሷም እርሱን ልታስገድል ይወስናሉ፤ ሁለቱም በመጨረሻዋ ሰዓት ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ክፋቱ ከማዕረጉ አልመነጨም፤ የሺህ ነፍሳት ሕይወት በአንድ ሰው ቃል ላይ ሲንጠለጠል ከሚመጣው ፍርሃት እንጂ።

ገና ያልተጻፈው፣ በከፍተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንቢ የሚለው አዛዥ ነው። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም የደርጉ ሊቀ መንበር ሳሉ፣ የታሰሩት ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ እንዳይገደሉና የኤርትራ ጉዳይ በሰላም እንዲፈታ ተከራክረው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤታቸው ተከበው ሞቱ፤ በዚያው ሌሊት ከተረሸኑት ወደ ስድሳ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል አንዱ የራሳችን አድሚራል፣ እስክንድር ደስታ ነበሩ። በዚህች የሲኒማ ከተማ ያደጉ ልጆቻችን ብዕር ሲያነሡ፣ እንዲህ ያለውን አዛዥ ከካፒቴኑ ጎን ከመጀመሪያው ክፍል እስከ ፍጻሜው እንዲያኖሩት እለምናቸዋለሁ።