እንቁራሪትና የጓሮ ኩሬ

በተረታችን የእንቁራሪት ስም የሚነሣው ዝሆንን አክላለሁ ስትል ተሰንጥቃ በመሞቷ ነው። በጓሯችን ያላት ሥራ ግን ለመሣቂያ የሚሆን አይደለም። እንቁራሪትና ጉርጥ ሌሊት ከተደበቁበት እየወጡ ጢንዚዛን፥ ትልን፥ ምስጥንና ፌንጣን ይለቅማሉ። ስለዚህ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ሰው እንቁራሪትን በድንጋይ ከሚያባርር መጠለያ ቢሰጣት ይጠቀማል እላለሁ።

ለዚህ አስተያየት የሕንድ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያች አገር እንቁራሪቶች ከሩዝ ማሳ እየተያዙ እግራቸው ለምግብነት ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ነገር ግን እንቁራሪት በተመናመነችበት ማሳ ተባይ ይበዛል፥ ለመድኃኒት የሚወጣውም ገንዘብ ይጨምራል የሚለው ሥጋት እያየለ ስለ ሄደ፥ መንግሥት ንግዱን በ1987 እ.ኤ.አ. አገደ።

ይሁን እንጂ እንቁራሪት የትም ብትወሰድ ትጠቅማለች ማለት አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. የሸንኮራ አገዳን ጢንዚዛ ታጠፋለች ተብላ አንዲት ትልቅ የጉርጥ ዝርያ ከሃዋይ ወደ አውስትራሊያ ተወሰደች። ጢንዚዛው ከአገዳው ላይ፥ ትሉም ከመሬት ውስጥ ስለሚኖር ጉርጧ አልደረሰችባቸውም። ራሷ ግን ተባዝታ፥ ሊበሏት የሞከሩትን የአገሩን አራዊት በመርዟ ፈጀች። እንግዲህ ረዳታችን የምትሆነው በአካባቢያችን የምትኖረው እንጂ ከሩቅ የምትመጣው አይደለችም።

«ኩሬ መቈፈር ትንኝ ማርባት ነው» የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የትንኝ እንቁላል በሞቃት ውሃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። የእንቁራሪት ልጅ ግን እግር አውጥታ ከውሃ እስክትወጣ ብዙ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይፈጅባታል። ስለዚህ ትንኝን ለማጥፋት ውሃውን በየሳምንቱ የሚደፋ ሰው እንቁራሪትንም አብሮ ያጠፋል። በአገራችንም በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ፥ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ሳይቀር የምትራባ ናት።

ከዚህ የተነሣ የእኔ አስተያየት እንደ ቦታው ይለያያል። ወባ ባለበት ቆላና ወይና ደጋ በጓሮ ኩሬ መቈፈር አይገባም፤ በዚያ ለእንቁራሪትና ለጉርጥ የድንጋይ ክምርና እርጥብ ጥላ መተው ይበቃል። ወባ በማይደርስበት ደጋ ግን ዳሩ ቀስ እያለ የሚጠልቅ፥ የውሃ ተክል ያለበት ትንሽ ኩሬ ማበጀት መልካም ነው። የትንኝን እጭ የሚበላ የውሃ ተርብም በዚያ ይራባል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ኩሬው መታጠር አለበት።

በሁለቱም ቦታ የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። እንቁራሪት ውሃንና አየርን በቆዳዋ ስለምትስብ ለተባይ የተረጨው መርዝ እርሷንም ይጎዳል። መርዝ እየረጩ የእንቁራሪትን እርዳታ መጠበቅ ጠባቂውን ገድሎ ቤቱን ለሌባ መተው ነው።